ከሜክሲኮ ገጠር ተነስቶ የዓለም አንደኛ፦ ኮሪዶ እዚህ እንዴት ደረሰ?

የቡና ቦርድ ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ሙዚቃ ክፍል ውስጥ ስለ አፍሮቢትም ስለ ኬፖፕም ብዙ ተብሏል፤ የሜክሲኮን ያነሳ ሰው ግን አላየሁም። እኔ ሰሞኑን ኮሪዶ ከሚባለው የሜክሲኮ የገጠር ዘፈን ሌላ መስማት አቅቶኛልና ላንሳው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

በ2023 መጋቢት ላይ «ኤያ ባይላ ሶላ» የሚል ዘፈን ወጣ፤ ብቻዋን ትደንሳለች ማለት ነው። የዘፈኑት ኤስላቦን አርማዶ የሚባል ቡድንና ፔሶ ፕሉማ የሚባል የሳፖፓን፣ ሃሊስኮ ልጅ ናቸው። ፔሶ ፕሉማ ያኔ ገና 23 ዓመቱ ነበር። ዘፈኑ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የቢልቦርድ ግሎባል 200፣ ማለት የዓለም የዘፈን ደረጃ ሰንጠረዥ፣ አንደኛ ሆነ። በአሜሪካው ሰንጠረዥ፣ በሆት 100፣ ደግሞ እስከ አራተኛ ደረጃ ወጣ። ይሄ እነሱ «ሬሂዮናል» የሚሉት፣ ከየክፍለ ሀገሩ የሚመጣው የሜክሲኮ ሙዚቃ፣ ከዚያ በፊት እዚያ ሰንጠረዥ ላይ አሥር ውስጥ እንኳ ገብቶ አያውቅም።

ክፈቱና ስሙት። የኮምፒውተር ምት የለም። ጊታር፣ ወፍራም ባስ፣ ትሮምቦን፣ ከዚያ ሁለት ጓደኛሞች ግብዣ ላይ ቆመው ብቻዋን ስለምትደንስ አንዲት ልጅ ሲያወሩ፤ ታሪኩ ይኸው ነው። የፔሶ ፕሉማ ድምፅ ሻካራ ነው፤ የሜክሲኮ ሰው ከለመደው ጥርት ያለ የትልልቅ ዘፋኞች ድምፅ ጋር በፍጹም አይገናኝም።

እኔን የገረመኝ ነገር ወዲህ ነው። በ1996 «ማካሬና» የሚባለው የስፓኒሽ ዘፈን አሜሪካ ውስጥ 14 ሳምንት አንደኛ ሆኖ ሲቆይ፣ የወጣው ማያሚ ውስጥ እንግሊዝኛ ስንኝ ከገባበት በኋላ ነው። በ2017 «ዴስፓሲቶ» 16 ሳምንት ሲነግሥ ጀስቲን ቢበር ተጨምሮበት ነበር። «ኤያ ባይላ ሶላ» ግን ማንንም ሳይለምን፣ አንድ ቃል እንግሊዝኛ ሳይጨምር፣ የገጠር ልብሱን ሳያወልቅ ነው የወጣው። ተሸክሞ ያወጣው የራሱ ሰው ነው፤ ድንበር ተሻግሮ የሚሠራው ሜክሲኳዊና እዚያ የተወለዱት ልጆቹ። ለኔ የዘመኑ ትልቁ የሙዚቃ ዜና ይሄ ነው። ምን ትላላችሁ?

ሐመልማል ኤልኤ፦

ወንድሜ ደግ አድርገሃል። ሎስ አንጀለስ ለምንኖረው ግን ይሄ ጉዳይ በ2023 የጀመረ አይደለም። በ1992 ኬላክስ 97.9 የሚባለው ሬዲዮ፣ «ላ ራሳ» ይሉታል፣ ወደ ባንዳና ራንቼራ፣ ማለት ወደ ሜክሲኮ የናስ ባንድና የገጠር ዘፈን፣ በዞረ በጥቂት ወራት ውስጥ የከተማው አንደኛ ተደማጭ ጣቢያ ሆኖ ቁጭ አለ። በከተማው ያሉት የእንግሊዝኛ ጣቢያዎች ሁሉ ከኋላው ቀሩ። ሕዝቡ እዚሁ ነበር፤ ቆጥሮት የሚያውቅ ነው ያልነበረው።

እኔ የምሠራው የሬስቶራንት ወጥ ቤት ውስጥ ነው። አብሮኝ የሚሠራው የፑኤብላ ሰው ሽንኩርት ሊከትፍ ሲል መጀመሪያ ስልኩን ባዶ ብርጭቆ ውስጥ ያቆማል፤ ድምፁ እንዲጎላለት ነው። ከዚያ ቱባው፣ ትልቁ የናስ ጡሩምባ፣ ይጀምራል። ቢላውም ከቱባው ጋር ነው የሚሄደው። ያን ዘፈን ሳልወድ በግድ በቃሌ ይዤዋለሁ፤ አሁን ግን ወድጄ ነው የምሰማው።

ልብ በሉ፣ ኤስላቦን አርማዶ ራሳቸው የሜክሲኮ ነዋሪዎች አይደሉም፤ ፓተርሰን የምትባል የካሊፎርኒያ የእርሻ ከተማ ልጆች ናቸው። ፉዌርሳ ሬሂዳ የሚባለው ቡድንም የሳን በርናርዲኖ፣ ካሊፎርኒያ ልጆች ናቸው። ግሩፖ ፍሮንቴራ የሚባለው ቡድን ከቴክሳስ ነው። ኮሪዶ ቱምባዶ የሚለውን፣ የአዲሱን ትውልድ ኮሪዶ ስም፣ ያስጠራው ናታናኤል ካኖ የኤርሞሲዮ፣ ሶኖራ ተወላጅ ቢሆንም፣ በ2019 ያሳተመው እዚሁ ኤልኤ አካባቢ ያለ ራንቾ ኡሚልዴ የሚባል ኩባንያ ነው።

የሁሉም አባት ግን ቻሊኖ ሳንቼስ ነው። ሲናሎዋ ከሚባለው የሜክሲኮ ክፍለ ሀገር መጥቶ እዚህ የቀን ሥራ ይሠራ ነበር። ሰዎች እየከፈሉት ስለ ዘመዳቸው፣ ስለ ሞተ ወንድማቸው ኮሪዶ ይጽፍላቸው ጀመር። በካሴት እየቀዳ ቅዳሜ ገበያ ላይ ይሸጥ ነበር። ድምፁ ቀጭንና ሻካራ ነው፤ እሱ ራሱ አልዘፍንም፣ እጮኻለሁ ይል እንደነበር ይነገራል። ጥር 1992 ኮቼላ ከተማ መድረክ ላይ እያለ አንድ ሰው ተኮሰበት፤ እሱም ሽጉጥ አውጥቶ መለሰ። ተረፈ። በዚያው ዓመት ግንቦት በሲናሎዋ ዋና ከተማ በኩሊያካን ሲዘፍን ከታዳሚ ወረቀት ተቀበለ። ቪዲዮው አለ፤ ያነብበዋል፣ ላቡን ይጠርጋል፣ ወረቀቱን ጨብጦ ዘፈኑን ይቀጥላል። በማግስቱ ሞቶ ተገኘ። ወረቀቱ ላይ ምን እንደተጻፈ እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። እና የፔሶ ፕሉማን ሻካራ ድምፅ ስትሰማ ቻሊኖን ነው የምትሰማው።

ጥሩምባ ነፊ፦

አዲስ አበባ ውስጥ ትሮምቦን ተጫዋች ነኝ፤ ስለ መሣሪያዎቹ ልናገር።

የቱምባዶ ባንድ ዋናው ሬኪንቶ ነው። ከተለመደው ጊታር ከፍ ብሎ የሚቃኝ ጊታር ነው፤ ዜማውን የሚሸምነው እሱ ነው፣ ብዙ ጊዜም 12 ክር ነው። ከሥሩ ቶሎሎቼ አለ፤ ቆሞ የሚመታ ትልቅ የእንጨት ባስ። የቶሎሎቼ ተጫዋች ክሩን በጣቱ ይስብና ሲለቅ በመዳፉ ጣውላውን ይመታል፤ ጧ ይላል። ከበሮ ሳይኖር ከበሮ ያልጎደለ የሚመስለው ለዚህ ነው። አንዳንዴ በቶሎሎቼ ፋንታ ቱባ ይገባል። ከዚያ ትሮምቦንና ቻርቼታ፤ ቻርቼታ ትንሽ የጡሩምባ ዘር ነው፣ ድምፁ ሞቅ ያለ።

የኔን ቀልብ የሳበው የትሮምቦኖቹ አገባብ ነው። ድምፃዊው ስንኙን ጨርሶ ትንፋሽ ሲወስድ ነው የሚገቡት፤ መልስ ይሰጡታል እንጂ አይሸፍኑትም። በዚህ ዓይነት ጨዋታ ውስጥ ሁለት ትሮምቦኖች በሦስተኛ ርቀት ተጠጋግተው ሲሄዱ ትንሽ መዛነፍ ይሰማል። ስቱዲዮ ውስጥ በማሽን ሊያስተካክሉት ይችሉ ነበር፤ ተዉት። ደግ አደረጉ።

ምቱን በተመለከተ፣ ብዙዎቹ በሦስት ነው የሚሄዱት፤ የቫልስ ምት ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀርመኖችና ቼኮች ወደ ቴክሳስና ወደ ሰሜን ሜክሲኮ ሲመጡ አኮርዲዮን፣ ፖልካና ቫልስ ይዘው መጡ፤ የሲናሎዋ ባንዳ የናስ መሣሪያዎችም ከዚያው ዘመን ጋር የተያያዙ ናቸው። በችክችካ ላደገ ጆሮ ሦስት ምት እንግዳ ስላልሆነ፣ አበሻ ይሄን ሙዚቃ ቶሎ የሚለምደው ይመስለኛል። ክለብ ውስጥ ከባልደረቦቼ ጋር አንዱን ሞክረነው ሕዝቡ ሳይጠራ ተነስቶ ጨፍሯል።

ሳምራዊት፦

ጥሩ ትምህርት ነው፣ አመሰግናለሁ። ግን ኮሪዶ ማለት ምንድን ነው? ማሪያቺ ከሚባለውስ በምን ይለያል? እኔ የማውቀው ትልልቅ ባርኔጣ ያደረጉትን ብቻ ነው።

የኢስላ ልጅ፦

ሳምራዊት እህቴ፣ ልመልስልሽ። እኔ በደርግ ዘመን ኩባ፣ ኢስላ ዴ ላ ሁቬንቱድ ከተማርነው ልጆች አንዱ ነኝ፤ ስፓኒሽ የገባኝ እዚያ ነው፣ የሜክሲኮ ዘፈንም እንደዚሁ።

ማሪያቺ የባንድ ዓይነት ነው፤ ቫዮሊን፣ ትራምፔት፣ ጊታሮን፣ ቪዌላ። መነሻው በሃሊስኮ በኩል ነው። ኮሪዶ ግን የግጥም ዓይነት ነው፤ ታሪክ የሚተርክ ዘፈን። የደንቡ ኮሪዶ ቀኑን ይናገራል፣ ቦታውን ይናገራል፣ ሰውየውን በስሙ ይጠራል፣ እንዴት እንደሞተ ይተርካል፣ መጨረሻ ላይ ዘፋኙ አድማጩን ይሰናበታል። በ1910 የሜክሲኮ አብዮት ሲፈነዳ ማንበብ ለማይችል ገበሬ ጋዜጣው እሱ ነበር። ሜክሲኮ ሲቲ ውስጥ የቫኔጋስ አሮዮ ማተሚያ ቤት ግጥሞቹን በአንድ ገጽ ወረቀት እያተመ በሳንቲም ይሸጥ ነበር፤ ሥዕሉን የሚሠራው ያ የአጽም ሥዕል ጌታ ፖሳዳ ነው።

የዘመናችንን ኮሪዶ ያነገሡት ሎስ ቲግሬስ ዴል ኖርቴ ናቸው። ከሲናሎዋ ሞኮሪቶ አካባቢ ካለች ትንሽ መንደር ወጥተው በ1968 ሳን ሆሴ፣ ካሊፎርኒያ ገቡ። በ1970ዎቹ አንድ ወንድና አንዲት ሴት በመኪና ጎማ ውስጥ ዕፅ ደብቀው ድንበር ሲሻገሩ የሚተርከው ዘፈናቸው ስማቸውን አስጠራ። የእጽ ኮሪዶ የሚባለው ጉዳይ በሰፊው የተቀጣጠለው ከዚያ ወዲህ ነው።

እኔ ግን ሁላችሁም እንድትሰሙልኝ የምፈልገው ሌላውን ነው፤ «ላ ሀውላ ዴ ኦሮ»፣ የወርቅ ጎጆ። አይደለም፣ የወርቅ ቀፎ ልበለው፤ ወፍ የሚታሰርበቱ። በ1980ዎቹ የወጣ ነው። አንድ አባት ወረቀት ሳይኖረው አሜሪካ ብዙ ዓመት ኖሯል። ሥራ አለው፣ ገንዘብ አለው፣ ግን ፖሊስ ይይዘኛል ብሎ ከቤት አይወጣም። ዘፈኑ መሃል ላይ ሙዚቃው ዝቅ ይልና ልጁን በስፓኒሽ ይጠይቀዋል፤ ወደ ሜክሲኮ ተመልሰን ብንኖር ደስ ይልሃል ወይ? ልጁ በእንግሊዝኛ ይመልስለታል፤ አልፈልግም ነው መልሱ። ከዚያ አኮርዲዮኑ ይመለሳል። ዋሽንግተን ያለው የእህቴ ባል ይሄን ስተረጉምለት መኪናውን መንገድ ዳር አቆመ። ልጆቹ አማርኛ አይመልሱለትም።

ለክሩ ባለቤት ደግሞ አንድ ነገር፦ ስምህን ሳይ ቡና ቦርድ ያለበት የአዲስ አበባው ሜክሲኮ አደባባይ ትዝ አለኝ። ሜክሲኮ የጣሊያንን ወረራ በመንግሥታት ማኅበር ተቃውማ የጣሊያንን ይዞታ አልቀበልም ካሉት ጥቂት አገሮች አንዷ ናት። ጃንሆይ በ1954 ሲጎበኟት ሜክሲኮ ሲቲም የኢትዮጵያ አደባባይ አቆመች፤ ዛሬ በሥሩ ያለው የሜትሮ ጣቢያ ኤትዮፒያ ይባላል፣ ምልክቱም የአንበሳ ራስ ነው።

ወለተ ሥላሴ፦

ሁላችሁም ስለ ዜማው ስታወሩ አንድ ትልቅ ነገር እየዘለላችሁ ነው። ከእነዚህ ዘፈኖች ብዙዎቹ ነፍሰ ገዳዮችን የሚያወድሱ ናቸው። ፔሶ ፕሉማ ራሱ የካርቴል፣ ማለት የዕፅ ነጋዴ ወንበዴዎች፣ አለቆችን ስም ጠርቶ ዘፍኗል። በ2023 መስከረም ቲሁዋና ውስጥ ብትመጣ እንገድልሃለን የሚል ጨርቅ ተሰቅሎ ዝግጅቱን ሰርዟል። ቫለንቲን ኤሊሳልዴ ኅዳር 2006 ሬይኖሳ ላይ ዘፍኖ ሲወጣ ነው የተገደለው። እዚያው ሬይኖሳ በ2025 ግንቦት የግሩፖ ፉሂቲቮ አምስት ሙዚቀኞች ለሥራ ተጠርተው ሄደው ሬሳቸው ተገኘ። እነዚህ እንጀራ ፍለጋ የወጡ ልጆች ነበሩ።

መጋቢት 2025 ደግሞ ሳፖፓን ውስጥ፣ አውዲቶሪዮ ቴልሜክስ፣ አንድ ባንድ የካርቴል አለቃ ፎቶ በትልቅ ስክሪን አሳየና አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። የጠፉ ልጆቻቸውን ፍለጋ መሬት የሚቆፍሩ እናቶች የሚኖሩት እዚያው ሃሊስኮ ውስጥ ነው። እኔ እናት ነኝ። ያንን ጭብጨባ በሰንጠረዥ ቁጥር ላደንቀው አልችልም።

የቡና ቦርድ ልጅ፦

ወለተ ሥላሴ እህቴ፣ የምትይው እውነት ነው፤ የዘለልኩት ንቄው ሳይሆን ለብቻው ክር የሚፈልግ ስለሆነ ነበር። ከተነሳ ግን እንነጋገር።

ጥያቄው ምን ይደረግ ነው። እገዳ ተሞክሯል። በ2011 የሲናሎዋ ገዥ የእጽ ኮሪዶ በቡና ቤትና በምሽት ክበብ እንዳይዘፈን አዘዘ፤ በ2013 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሻረው። ቲሁዋና በ2023 ማብቂያ ላይ በከተማዋ ዝግጅቶች ላይ ከለከለች። ሚያዝያ 2025 ቴስኮኮ የፈረስ በዓል ላይ ሉዊስ አር ኮንሪኬስ የሚባል ዘፋኝ ስለተከለከለ ያንን ዓይነት ዘፈን ዛሬ አልዘፍንም አለ። ሕዝቡ ወደ መድረክ ወንበርና ቢራ ወረወረ፣ መሣሪያ ሰባበረ። ይሄ የሚያሳየኝ ዘፈኑን የያዘው ዘፋኙ ሳይሆን አድማጩ መሆኑን ነው። በሬዲዮ ሲከለከል ስልክ ላይ ይሰማል፤ ስልክ ላይ የሚሰማው ደግሞ ነው አሁን ሰንጠረዥ የሚሠራው።

ፕሬዚዳንት ሼንባውም ማገድን አልደገፈችም። በዚያው ሚያዝያ «ሜክሲኮ ካንታ» የሚል ውድድር አወጀች፤ ሜክሲኮም አሜሪካም ላሉ ወጣቶች፣ በዚሁ በኮሪዶና በባንዳ ስልት፣ ግጥሙ ግን ግድያንና ዕፅን የማያወድስ። እኔ ይሄኛው መንገድ ይሻላል ባይ ነኝ፤ ቅርጹን አትንኩት፣ የሚተርከውን ታሪክ ግን አብዙለት። ጋሼ የኢስላ ልጅ ያነሱት «የወርቅ ቀፎ» እኮ ያው ኮሪዶ ነው።

ወለተ ሥላሴ፦

ውድድሩ መልካም ነው። ግን የመንግሥት ዘፈን ማን ይሰማል? የጎረምሳ ልብ የሚሄደው ወደ ተከለከለው ነው። እኔ የምለው ኩባንያዎቹ ይጠየቁ ነው፤ ትርፉን የሚያፍሱት እነሱ ናቸው፣ የሚሞተው ደግሞ ቱባ የተሸከመው ልጅ ነው።

ጥሩምባ ነፊ፦

በዚህ እስማማለሁ። ሰንጠረዡ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅም እዚህ ላይ ይጠቅማል። ድሮ ሜክሲኮ ውስጥ ዘፈን አንደኛ የሚሆነው በጥቂት ሰዎች እጅ ነበር። በ1930 የተከፈተው ኤክስኢደብልዩ ሬዲዮ ዘፋኝ ያወጣም ይጥልም ነበር። በኋላ «ሲዬምፕሬ ኤን ዶሚንጎ» የሚባለው የእሑድ ቴሌቪዥን ዝግጅት፣ ከ1969 እስከ 1998፣ እዚያ ያልቀረበ ዘፋኝ እንደሌለ ይቆጠር ነበር። ዛሬም በሬዲዮ የተላለፈውን ሞኒተር ላቲኖ የሚባለው ድርጅት ይቆጥራል፤ ግን ክብደቱ ወደ ስትሪሚንግ ዞሯል። ስፖቲፋይ በ2018 በዓለም ትልቁ የአድማጭ ከተማዬ ሜክሲኮ ሲቲ ናት ብሏል፤ ኒውዮርክም ለንደንም አይደሉም። ስለዚህ አንድ ኤርሞሲዮ ያለ ልጅ መኝታ ቤቱ ውስጥ የቀዳው ዘፈን የማንንም ቢሮ ደጅ ሳይጠና ይወጣል። ጥሩውም መጥፎውም የሚወጣው በዚያው በር ነው።

ድሮም ቢሆን ዳኞቹ ሁልጊዜ አያውቁም ነበር። በ1970 ሆሴ ሆሴ የሚባለው ድምፃዊ በአንድ ትልቅ የዘፈን ውድድር «ኤል ትሪስቴ»ን ዘፈነ፤ አዳራሹ ቆሞ አበባ ወረወረለት። ዳኞቹ ሦስተኛ አሉት። ቪዲዮውን እዩት፣ በተለይ መጨረሻ አካባቢ አንድ ትንፋሽ ላይ የሚይዘውን ሐረግ። ለማንኛውም ድምፃዊ ትምህርት ነው።

የኢስላ ልጅ፦

ሆሴ ሆሴን ካነሳህማ ሁዋን ጋብሪኤልን ልጨምር። እናቱ ሲውዳድ ሁዋሬስ ውስጥ የሰው ቤት ሠራተኛ ነበረች፤ እሱን ማሳደጊያ አስገባችው። ሙዚቃ ያስተማረው እዚያ የነበረ ሁዋን የሚባል መምህር ነው። የመድረክ ስሙን ከእሱና ጋብሪኤል ከሚባለው አባቱ ስም አወጣ። ባልሠራው ስርቆት ሌኩምቤሪ እስር ቤት ገብቶ ከአንድ ዓመት በላይ ታስሯል። እናቱ በ1974 ስትሞት የጻፈውን «አሞር ኤተርኖ» በ1984 ሮሲዮ ዱርካል ዘፈነችው፤ ዛሬ ሜክሲኮ ውስጥ ያለዚያ ዘፈን ቀብር የለም ማለት ይቻላል። በ1990 ቤያስ አርቴስ በሚባለው ብሔራዊ ቤተ መንግሥት መሰል ቴአትር ከብሔራዊ ሲምፎኒው ጋር ሲዘፍን፣ የሕዝብ ዘፋኝ እዚህ ምን ያደርጋል ያሉ ምሁራን ነበሩ። የገረድ ልጅ ነበር እዚያ የቆመው።

ዳሪየን ማዶ፦

እኔ ብዙ ጽፌ አላውቅም። በ2023 ወደ አሜሪካ በመንገድ ላይ ሳለሁ ታፓቹላ በምትባል የሜክሲኮ ደቡብ ድንበር ከተማ ወረቀት ስጠብቅ ነበር፤ ከእኛም ልጆች፣ ከሄይቲም፣ ከቬኔዝዌላም ብዙ ሰው ነበር። ገበያው ውስጥ ከእያንዳንዱ ሱቅ የሚወጣው ይሄው ዘፈን ነበር፣ የምትደንሰው ልጅ። ቃሉን አናውቅም፣ ትሮምቦኑን ግን በአፋችን እናዜመው ነበር። አንዲት ጥብስ በቆሎ የምትሸጥ ሴትዮ ስንዘፍን ሰምታ ሳቀችና ለሦስታችን በነፃ ሰጠችን። ትርጉሙን ዛሬ እዚህ ነው ያወቅሁት። አመሰግናለሁ።

ሳምራዊት፦

ዳሪየን ማዶ፣ እንኳን በሰላም ደረስክ። እኔ አንድ ነገር ልጠይቅ፤ እስካሁን የተጠራው ሁሉ ወንድ ነው። ሴቶቹስ?

ሐመልማል ኤልኤ፦

ሳምሪ ጥሩ ጠየቅሽ። የሎንግ ቢች ልጅ ጄኒ ሪቬራ አለች፤ በታኅሣሥ 2012 በአውሮፕላን አደጋ ሞተች፣ እዚህ ሰፈር እስከ ዛሬ መኪና ላይ ፎቶዋ ተለጥፏል። ከአሁኖቹ ግን ያሪትሳን ስሚ። ከዋሽንግተን ግዛት ያኪማ ሸለቆ ናት፤ ወላጆቿ ፍራፍሬ ለቃሚዎች ነበሩ። ከሁለት ወንድሞቿ ጋር ነው የምትጫወተው። «ሶይ ኤል ኡኒኮ»ን ገና ልጅ ሆና ጻፈችው፤ በ2022 ሲወጣ 15 ዓመቷ ነበር፣ ሆት 100 ላይ በ20ኛ ደረጃ ገባ። ድምፅዋ ሲሰበር የሚሰማሽ ነገር ሌላ ነው።

በ2023 እነዚህ ልጆች በቃለ መጠይቅ የሜክሲኮ ሲቲን ምግብ ብዙም እንዳልወደዱ ተናገሩ። ኢንተርኔቱ ተነሳባቸው፤ እናንተ ሜክሲኳዊ አይደላችሁም፣ ወደ መጣችሁበት ተመለሱ ተባሉ። በዚያው ወቅት አንደኛው ወንድሟ የመኖሪያ ወረቀቱን ለማስተካከል ሜክሲኮ ገብቶ መመለስ አቅቶት ነበር፤ ከአንድ ዓመት በላይ ቆየ። እዚህ ሕጋዊ አይደለህም ይባላል፣ እዚያ የኛ አይደለህም። እኔ እዚህ ኤልኤ የአበሻ ሰፈር የሆነውን የፌርፋክስ ልጆች ስለማውቅ ይሄ ነገር ያንገበግበኛል። አዲስ አበባ ለዕረፍት ሲሄዱ አማርኛቸው ሲሳቅበት አይቻለሁ።

ከግሩፖ ፍሮንቴራ ጋር የሠሩትን «ፍራሂል» ፈልጊው። መጀመሪያ ግን «ሶይ ኤል ኡኒኮ»ን፣ ጊታርና ባስ ብቻ ያለበትን። ወለተ ሥላሴም ስሚው፣ አንድም ሽጉጥ የለበትም።